እናት የሞላችው ካርድ፦ የፑንጎዲ ሰቫሪሙቱ የሕይወት ታሪክ

ፑንጎዲ ሰቫሪሙቱ ከዓሣ አጥማጁ ከአባታቸው ከአቶ ሰቫሪሙቱና ከእናታቸው ከአሮክያም እ.ኤ.አ. በ1988 በደቡብ ሕንድ በቱቱኩዲ ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው ሰፈራችን ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ዴቫሳሃያም ነበር። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጅ ነበሩ።

በደብሩ ትምህርት ቤት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ሲማሩ በሒሳብ የሚቀድማቸው አልነበረም። ትምህርታቸውን ያቋረጡት ሰንፈው ሳይሆን፣ በአረማመዳቸው በየቀኑ ይሳቅባቸው ስለነበር ነው። እናታቸው ታውቅ ነበር። «አንገትህን ደፍተህ ሂድ» ከማለት በቀር ያደረገችው የለም።

በ2005 ወደ ኮይምባቶር ከተማ ሄደው፣ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው ከሚኖሩት ከቲሩናንጋይ ጋር መኖር ጀመሩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ ማራካታም በማኅበራቸው ደንብ መሠረት ልጅ አድርገው ተቀበሏቸው። ፑንጎዲ የሚለውን የሴት ስም ለራሳቸው መረጡ። እናታቸው ግን ለጠየቃት ጎረቤት ሁሉ «ዱባይ ሥራ አግኝቷል» ትል ነበር። አባታቸው በ2011 ሲያርፉ እንኳ አልጠራቻቸውም።

ፑንጎዲ ስመ ጥር የሠርግ ምግብ አብሳይ ሆኑ፤ ባል አላገቡም፤ ካያልና ሴምፓ የተባሉትን ሁለት ወጣት ቲሩናንጋይ በዚያው ደንብ ልጆቼ ብለው ሙያቸውን አስተማሩ።

በ2016 አንዲት የጤና ሠራተኛ በራሪ ወረቀት ይዛ ወደ ቤታቸው መጣች። ወረቀቱ «ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላችሁ ወንዶች፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ» ይላል። ወይዘሮ ማራካታም አጨብጭበው «እስቲ ልጆች፣ አልጋ ሥር ወንድ ተደብቆ እንደሆነ ጎትታችሁ አውጡትና ይመርመር!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፑንጎዲም «የኔ እህት፣ ቤት ተሳስተሻል» ብለው ሸኟት። ማንም አልተመረመረም። ይህን ኋላ ለፑንጎዲ እናት የነገሯት ራሳቸው ወይዘሮ ማራካታም ናቸው፤ እያለቀሱ።

በ2020 ፑንጎዲ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ፤ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለም ታወቀ። ወደ እናታቸው ቤት መጡ። እናታቸው ዐሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ በሽታው በዕቃ እንደማይተላለፍ አንብባለች። ቢሆንም ሳህንና ብርጭቆ ለየችባቸው። «እማ፣ ለስምንት መቶ ሰው አብስዬ የሞተ የለም፤ አንቺን ልግደልሽ?» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ከሁሉ የከፋው የሆስፒታሉ ካርድ ነው። የሞላችው እናታቸው ናት፤ «ዴቫሳሃያም፣ ወንድ» ብላ።

«እማ፣ በዚህ ስም ነው እኮ የሚጠሩኝ። ሰው በሞላበት እንዴት ብዬ ልነሣ?»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል!»

ስሙ ተጠራ። ፑንጎዲ በሳሪያቸው ተነሡ። አንዱ «አቶ ዴቫሳሃያም፣ ሳሪው አምሮብሃል!» አለ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። መድኃኒቱን ሳይቀበሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ለሆስፒታል ብለው ከቤት እየወጡ ባሕር ዳር ይውሉ ነበር። እናታቸው በቤቷ አንድም የመድኃኒት ብልቃጥ እንደሌለ አይታለች፤ አልጠየቀችም። እንዲያውም ልጇ ሆስፒታል በር ላይ ባለመታየታቸው በልቧ ተመስገን አለች። ያ መድኃኒት ዕድሜ እንደሚያረዝም ታውቅ ነበር።

ፑንጎዲ በየካቲት 2022 በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። አካላቸውን ያጠቡት ካያልና ሴምፓ ናቸው፤ እናታቸው በሩ ላይ ቆማ አየች። ጎረቤቶች ለደግ አስበው «በአጭር ሕመም ብለሽ ጻፊ» አሏት። ይህ ሲነበብ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ሬሳውን አልሸከምም የሚል እንዳይኖር ትፈራለች። ቢሆንም እንዲህ ጽፋለች።

እስካሁን «እርሳቸው» ስንል የቆየነው ለክብር ነው። ግን «እርሳቸው» ሲባል ወንድም ሴትም አይለይም፤ እናትም ከዚህ ቃል በስተጀርባ ተደብቃለች። ከእንግዲህ አትደበቅም። ፑንጎዲ ሴት ልጇ ናት።

ፑንጎዲ ሁለት እናቶች፣ አሮክያምንና ማራካታምን፣ ሁለት ሴት ልጆችም ትታ ሄዳለች። ማራካታም፣ ካያልና ሴምፓ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጭ ቆመዋል። እባካችሁ መንገድ ልቀቁላቸውና ይግቡ፤ የፊተኛው ወንበር የቤተሰብ ነው።

አምላክ ሆይ፣ በሰው ፊት ስሟን የነፈግናትን ልጃችንን አንተ በስሟ ጥራት፤ ነፍሷንም በእቅፍህ አሳርፋት። አሜን።