የአባትህ የብር ባጅ

ልጄ ዊልፍሬድ፣ ሰላምታዬ ማዕበሉን አልፎ መርከብህ ድረስ ይምጣልህ። እዚህ ሀል ከተማ ሁላችንም ደህና ነን።

አባትህ በአውሮፕላን ድብደባው ጊዜ ሰፈሩን እየጠበቀ በፈቃዱ ያገለግላል፤ ማታ ማታ አውሮፕላኖቹ እንዳያዩን በየቤቱ እየዞረ መብራት ያስጠፋል። የጥበቃውን ምልክት፣ የብር ባጁን፣ ደረቱ ላይ ሳያደርግ ከቤት አይወጣም። ማክሰኞ ግንባሩን ምሰሶ መትቶት ገባና፣ "ራሴ ባስጠፋሁት መብራት ተቀጣሁ" አለኝ። ሳቅሁለት። ቀትር ነበር።

ትናንት ጠዋት ባጁን ሆን ብዬ ዘቅዝቄ ሰካሁለት። መስታወት ፊት ቆመና፣ "እንዴት ነው ኤድና፣ አማረብኝ?" አለ።

"ሙሽራ መስለሃል" አልኩት።

ለምሳ ሲመለስ ባጁ ተቃንቷል። የትኛው ጎረቤት እንዳቃናለት አልጠየቅሁም፤ እሱም ነገሩን አላነሳም።

ለባልደረቦችህ ሰላም በልልኝ። ፈቃድ አግኝተህ ስትመጣ፣ እንደ ልማድህ በር ላይ ዝም ብለህ ቆመህ ፈገግ አትበል፤ ቀድመህ ለአባትህ ድምፅህን አሰማው።

እናትህ ኤድና