ጊታር በአፍ፣ ድራም በጀሪካን

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፤ ጠዋት 1፡40
ዛሬም ዝናብ። ጫማዬ አልደረቀም። ቢሮ ከመግባቴ በፊት አንድ ዘፈን ብቻ ብዬ ሁለት ሰማሁ። ማስታወሻዬ፣ ካንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝምና ስሚኝ። «ጉም» የሚባሉት ባንድ አዲስ ካሴት አወጡ። «መብራት ሄደ» ይላል ስሙ። አራቱ የሶዶ ልጆች አሳታሚ አልለመኑም። አንድ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለው ቀዱት፣ ሽፋኑን በእስክሪብቶ ጻፉት፣ አሁን መናኸሪያ አጠገብ በእጃቸው ይሸጣሉ። ቅዳሜ ሶዶ ሄጄ ገዛሁ። የቀረው አንድ ነበር። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ደስ ሲል።

ጓደኛዬ አስቴር እዚህ ብትኖር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7
የቴፔ ባትሪ ድንጋይ ደከመ። ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቃሉን ይጎትታል። ፀሐይ የለ፤ ምድጃ ዳር አሞቅኩት፣ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱን የማጠነጥነው በእስክሪብቶ ነው። አከራዬ እማማ ባሎቴ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። «ይሄ ልጅ ለምን ይጮሃል? ራበው ወይ?» አሉ። ቆይተው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው አመጡ። ለእኔ ይሁን ለልጁ አልገባኝም። በላሁት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9
ጽ/ቤት። ታይፕ ስመታ ዋልኩ። በምሳ ሰዓት ስለ ካሴቱ ላወራ ሞከርኩ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ዓለማዊ ዘፈን ከጀመረኝ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ጠየቀችኝ፣ እንደ ወባ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሻዬን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ገሱባ ከተመደብኩ ወዲህ ብቸኛ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 12
ቸርች። ዘማሪዎቹ ሲነሱ አስቴር ትዝ አለችኝ። ሶዶ ኳየር ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የምንቆመው። የጉም ዘፋኝ ከኋላችን ይቆም ነበር፣ ዘፈን ጀመረ ተብሎ ከአገልግሎት እስኪታገድ ድረስ። የመጀመሪያ ካሴታቸውን የሰማነው እነአስቴር ጓዳ፣ በር ዘግተን ነው። ቴፕ ባላገኘን ቀን ራሳችን እንጫወተዋለን። እሷ ጊታሩን በአፏ፣ እኔ ድራሙን በባዶ ጀሪካን። ድራሙ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ሁለቴ ስመታ ትቀጥላለች። ሁሌ እዘገያለሁ። ሁሌ ትጠብቀኛለች።

አሁን ቦምቤ ናት። ወንጌላዊ አግብታ እዚያ ኳየር ታሠለጥናለች። ከሠርጓ ወዲህ ስለ ጉም አላነሳችም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15
ወሰንኩ። የእንስሳት ባለሙያው አቶ ዳና ነገ ለሥራ ቦምቤ ይሄዳሉ። ካሴቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። በ25 ቅዳሜ ጉም ሶዶ አዳራሽ ይጫወታሉ፤ አስቴር ሰምታው እንድትመጣ በቃል ላክሁ። እንደ ድሮው አብረን። ሌላ ቅጂ የለኝም። እምቢ ካለች ካሴቱንም እሷንም አጣለሁ። አቶ ዳና ምን እንደሆነ ጠየቁ። መዝሙር ነው አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 20
አቶ ዳና አልተመለሱም። መንገዱ ጭቃ ነው ይላሉ። አዲስ ድንጋይ ገዛሁ፤ የማስገባው ካሴት የለም። ሦስተኛውን ዘፈን በቃሌ ሞከርኩት። ጊታሩ ብቻውን ወርዶ ዝም ይላል፣ ከዚያ ነው ድራሙ የሚገባው። ልክ የኛን ጨዋታ ይመስላል። ለብቻ ግን አይሆንም፤ ግማሹ ይጎድላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23፤ 11 ሰዓት
መጡ። ካሴቱም መጣ። የተቀበሉት ከአስቴር እጅ አይደለም፣ ከባሏ ነው። ሶዶ አትሄድም፣ እንዲህ ያለ ነገርም እቤታችን አይገባም ብሏል። ይህንስ ጠብቄ ነበር። ግን የካሴቱ ቀዳዳ ላይ ወረቀት ተወትፏል፤ በላዩ ሊቀዳበት ሲፈለግ እንደሚደረገው። ከፈትኩት። የቦምቤ ኳየር። አገላበጥኩት፣ በሌላውም ፊት ኳየር። ጉም የለም። አንድ መዝሙር እንኳ ሳልጨርስ አጠፋሁት።

ተናደድኩ። አለቀስኩም። እሷ አጠገቡ ሆና እንዴት ዝም አለች? አቶ ዳና ደግሞ መኪና ውስጥ ትንሽ ሰሙት፣ ጥሩ መዝሙር ነው አሉኝ። ውሸቴ እውነት ሆነልኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24፤ ከራት በፊት
እማማ ባሎቴ መዝሙሩ ይከፈት አሉ። ከፈትኩላቸው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። መዝሙሩ አለቀ። ወንበር ይጎተታል፣ ሰዎች ይወጣሉ፣ በር ይዘጋል። መቅጃውን ማንም አላጠፋውም። ከዚያ አስቴር። ብቻዋን፣ ማይኩ አጠገብ፣ ዝቅ አድርጋ። ጊታሩን በአፏ። የድሮውን አይደለም፣ የአዲሱን ካሴት ሦስተኛ ዘፈን ነው። ሳይጠፋ ሰምታዋለች። ሙሉውን ይዛዋለች። ድራሙ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ትንፋሿን ስትይዝ ይሰማል።

ትጠብቃለች።

ቢላዋውን አስቀምጬ፣ እጄን ጠርጌ፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታሁ። ዘግይቻለሁ። ልክ ያኔ ቀጠለች። ምን ያህል እንደምዘገይ አልረሳችም።

እማማ ባሎቴ ይሄኛው የማን መዝሙር ነው አሉ። የእኔና የእሷ ነው አልኳቸው።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ሶዶ። ጉም 9 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። አዳራሹ ግን አልገባም። መናኸሪያው ላይ የቦምቤ መኪና እይዛለሁ። ጀሪካን እዚያም አይጠፋም።