የቀረው አንድ ወንበር

ረዲ ልጄ፣

ልጄን ኢፍቱን ምጥ ይዟታል ብለው ስለደወሉልኝ አዲስ አበባ ሄጃለሁ።
በአውሮፕላን።

ትኬቱን የቆረጠችልኝ ጎረቤታችን ዙሀይራ፣ «የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፣ አዮ» አለችኝ። አብራሪ ብትሆንም አዲስ አበባ ወዳለው ሥራህ የምትሳፈረው ወንበር ከተረፈ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ የማን ወንበር እንደሆነ ገብቶኛል።
ቢሆንም አስቆረጥኩት።

እንግዲህ ለነገው በረራህ እንድትደርስ ዛሬውኑ በመኪናህ ሂድ። መንገዱ ያደክመኛል እንደምትል አውቃለሁ። ጉሙ ሳይገለጥ ከሮቤ እንዳትነሳ። ዲንሾ ጋ አጋዘን መንገድ ያቋርጣል፤ እንደ ሰማዩ ባዶ እንዳይመስልህ። ገንፎው ድስቱ ውስጥ ነው፣ ሳትበላ አትውጣ። የቤቱን ቁልፍ ለዙሀይራ ስጣት።

ልቀሰቅስህ በርህ ድረስ መጥቼ ነበር። ብትነሳ «ወንበሩን ይውሰዱት» ትለኛለህ፤ ያኔ ደግሞ ማልቀሴ አይቀርም ብዬ ተመለስኩ።

ቤቴን ከተከራየህ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ «አዮ፣ መጀመሪያ ሲበሩ የማበርርዎት እኔ ነኝ» ስትለኝ ኖረሃል።
የዛሬውን አብራሪ አላውቀውም።

ኢንሻአላህ ስመለስ ከአንተ ጋር በመኪና ነው የምመጣው። መንገዱ ቢረዝምም ግድ የለኝም።
ብቻ የምትነዳው አንተ ሁን።

አዮ ጁሀራ