የገጩኝ ሽማግሌ

ጅዳ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

«ይቅርታ በመጠየቁ ጥፋቱን አምኗል፤ መቶ በመቶ ጥፋተኛ ነው።» የአደጋ መርማሪው የጻፈብኝ ይህን ነው። ትናንት መካ፣ ኩዳይ ሰፈር፣ መብራት ይዞኝ እንደቆምኩ አንድ የአገሩ ሽማግሌ ከኋላ ገጩኝ። ወርጄ ወደ እሳቸው ሄድኩ። እንደ አገሬ ልማድ «ይቅርታ አባቴ፣ ተጎዱ?» አልኳቸው። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ዛሬ ራሳቸው ደወሉልኝ። «አንተ መሐንዲስ፣ የገጨሁህ እኔ! ልጆቼ ‹ዝም ይበሉ፣ ከዕዳው ተርፈዋል› ይሉኛል። በሐረም፣ በተቀደሰው አገር፣ በሐሰት ልትረፍ? ነገ መርማሪው ቢሮ አብሬህ ሄጄ እመሰክራለሁ።»

ጥፋቱ ከተነሣላቸው በኋላ መልሰው ሊሸከሙት የሚለምኑ ሰው! እንዲህ ያለ አላየሁም። በቢሮው ላይ ያለኝ ንዴት ግን አልበረደልኝም። ተቃውሞዬን ልኬያለሁ፦ «የቆመ መኪና ከኋላው የመጣውን እንዴት ይገጫል? እስከ ሐሙስ በጽሑፍ ይመለስልኝ።»