«ችግር የለውም» ያልኳቸው ጥይቶች

ሰኞ

ከብት አርቢውን ጋሽ ገልገሎን ፊታቸው ደም በደም ሆኖ አይሱዙ ላይ ጭነው ወደ ነገሌ ሆስፒታል ሲወስዷቸው አየሁ። ዛሬ ጠዋት ጅብ ላይ ሲተኩሱ ክላሻቸው እጃቸው ላይ ፈነዳ። ጥይቱ እኔ «ችግር የለውም» ያልኳቸው ነው።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ቅዳሜ ሬዲዮና ሞባይል ወደምጠግንበት ሱቄ መጡ። ጅብ ሁለት ጥጃ በልቶባቸዋል። ስድስት ጥይት ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ከሞተር ላይ ወድቀውባቸው መኪና ሄዶባቸዋል። ቀለሆቹ ሰርጎድ ሰርጎድ ብለዋል።

«አካም፣ ተስፋዬ። አንተ ወታደር ነበርክ። ይሄ ይተኮሳል ወይስ ልጣለው?»

አንዱን አነሳሁ። እንደሚያውቅ ሰው በጥፍሬ ዳሰስኩት። አምስቱን አላነሳኋቸውም። «ትንሽ ነው ጋሼ፣ ችግር የለውም፣ ይተኩሱበት» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ጦሩ ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ክላሽ ፈትቶ መግጠም እችላለሁ። ከዚያ በላይ ስለ ጥይት የማውቀው የለም። ይህንን እዚህ ወደራ ከተማ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወታደሩ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ

ሆስፒታል ላለችው ለጋሽ ገልገሎ ሚስት ለዳኪ ደወልኩ። የግራ እጃቸው ሁለት ጣት ተቆርጧል። ከጉንጫቸው የቀለህ ስብርባሪ ወጥቷል። ቀኝ ዓይናቸው ታሽጓል፣ ይትረፍ አይትረፍ አይታወቅም። ስለጠየቅኳት አመሰገነችኝ! ምንም አልነገርኳትም።

ቀጥዬ ነገሌ ለሚኖር ጡረታ የወጣ አሥር አለቃ ደወልኩ። ዕድሜውን ሁሉ መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የሆነውን ነገርኩት።

«የቀለሁ አንገት ተጨፍልቆ ነበር? ጫፉ ላይ ያለው አረር ወደ ውስጥ አልገባም?» አለኝ።

አላየሁም አልኩት።

«ሆዱ ላይ ያለች ጭረት ሌላ ነገር ናት። አንገቱ ከተጣመመ፣ አረሩ ከገባ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ጉልበቱ ወደ ተኳሹ ነው የሚመለሰው። የተጠራጠርከውን ጥይት አትተኩስም። አለቀ።»

የአንድ ደቂቃ ወሬ። ቅዳሜ ብደውልለት ኖሮ!

ስልኩን ልዘጋ ስል «ስንት ነበሩ?» አለኝ። ስድስት። አንዱ ፈንድቷል፣ አንዱ ከተሰበረው ካዝና ውስጥ ተገኝቷል። አራቱስ? መልሼ ለዳኪ ደወልኩ። አራቱን እሑድ ዕለት ለወንድማቸው ለጃርሶ ሰጥተውታል። ጃርሶ ከብቶቹን ይዞ ራቅ ያለ ግጦሽ ወርዷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።

ረቡዕ

ሊነጋጋ ሲል በሞተር ወጣሁ። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተኩስ በሰማሁ ቁጥር፣ ማለቴ የሰማሁ በመሰለኝ ቁጥር፣ ሞተሩን እያቆምኩ አዳምጥ ነበር።

ጃርሶን ኩሬ ዳር ከብት ሲያጠጣ አገኘሁት። ክላሹ ትከሻው ላይ ነው። ከሩቅ «እንዳትተኩስ!» ብዬ ጮህኩ። የጮህኩት ግን ሌላ አስመሰለብኝ፤ ጠላት የመጣ መስሎት ክላሹን አወረደና አቀባበለ። ባለሁበት ቆሜ ሁለት እጄን አነሳሁ። በአማርኛ ጮህኩ፣ በኦሮምኛ ጮህኩ። ሲለየኝ ዝቅ አደረገው።

ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው። ያቀባበለው ራሱ ከአራቱ አንዱ ነበር። አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ አረሩ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያየው ነገር ነው።

«ትናንት ሊመሽ ሲል ጅብ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ልተኩስ ስል ውሻዬ መሀል ገባና ተውኩት።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የወንድሙን ነገር ነገርኩት። የኔንም ነገርኩት፤ ሬዲዮ ኦፕሬተር እንደነበርኩ፣ እንደማላውቅ። ጥይቶቹን መዳፉ ላይ እያገላበጠ አየኝ።

«ታዲያ አላውቅም ማለት አቅቶህ ነው?»

አዎ። አቅቶኝ ነው።

ሐሙስ

አራቱን ጥይቶች ለፖሊስ አስረክቤ ከጃርሶ ጋር ነገሌ ገባን። ጋሽ ገልገሎ ጭንቅላታቸው እስከ ሁለቱ ዓይኖቻቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትንሽ ሰውዬ ሆነዋል። አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ፣ እንዳልመለስ። ዳኪ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከክፍሉ ወጣች።

«ጃርሶ የታለ?» አሉ።

«እዚህ ነኝ» አለ ጃርሶ።

በደህናው እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት። ግንባሩን፣ ዓይኖቹን፣ ጉንጩን። ደጋግመው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እስክወጣ ድረስ አልዞሩም።

ዓርብ

ሱቄን አልከፈትኩም። ባለቤቴ ብላ ትለኛለች፣ አይወርድልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጃርሶ ደወለ። ፋሻውን ፈተውላቸዋል። በቀኝ ዓይናቸው የመስኮቱን ብርሃን ለይተዋል፣ የሰው ጥላ ሲያልፍም አውቀዋል። ሐኪሙ ገና ነው፣ ምንም ማለት አልችልም ብሏል። ብርሃን ግን አይተዋል! ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

«ስለኔ ምን አሉ?» አልኩት ስረጋጋ።

«ምንም አላሉም። ዳኪ ግን አትምጣ ብላለች።» ትንሽ ቆየና «ለአሁኑ» አለ።

«ለአሁኑ» ያለችው ዳኪ ትሁን ወይስ ጃርሶ አዝኖልኝ ከራሱ የጨመረው፣ መጠየቅ ፈራሁ።