የማይሸጠው ባለ ሦስት ቀንድ

ወንድሜ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀትስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የጨፋው ማሽላ ዘንድሮ አምሮበታል። ልጄ ኢማን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች፤ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትልሃለች። ይህን የምጽፈው ፋይዛ ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ወደ እናንተ ስለምትመለስ ነው። በስልክ ልነግርህ ብል አንደበቴ እምቢ አለኝ።

ለኢማን የላክኸው ባለ ሦስት ቀንድ የፕላስቲክ አውሬ ደርሷል። አንተ በምታጸዳበት ሙዚየም አጥንቱ የቆመ፣ ቤት የሚያህል፣ ሰው ሳይፈጠር የኖረ ዳይኖሰር መሆኑን፣ ምግቡም ቅጠል ብቻ እንደነበር ፋይዛ አስረዳችን። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ቅጠል ለሚበላ ፍጥረት ሦስት ቀንድ ምን ያደርግለታል እያሉ ተከራከሩ። አባባ ብቻ አልሳቀም።

አባባ ከካቻምና ጀምሮ እኔንም አያውቀኝም ነበር። አንዴ እህቱ፣ አንዴ የባቲ ገበያ ደንበኛው ያደርገኛል። ያን ፕላስቲክ ግን ከኢማን እጅ ወስዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያሻሽጥ እንደለመደው አገላበጠው። ቀንዶቹን በጣቱ ለካ፣ ጥርሱን አየ፣ ከራሱ በስተኋላ እንደ ጋሻ የተዘረጋውን አጥንት ዳሰሰ። ከዚያ በዚህ አንገት ላይ ቀንበር አይውልም፣ ለእርሻ አይሆንም፣ ግን ጨዋ ነው፣ አይዋጋም አለ። ያን ቀን ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ከእጁ አልለየውም፤ የማሽላ ቅጠል ሳይቀር ያቀርብለታል። ኢማንም አልቅሳ አልቅሳ ተወችለት።

አንድ ቀን ልቀልድ ብዬ ሽጥልኝ አልኩት። እንደ ገበያው ደንብ ዋጋውን በጣት ልነግረው እጁን በፎጣው ሥር ይዤ ጣቶቹን አምስቱንም ጨበጥኩ። መንጭቆ አወጣው። ኩን ካን ኢልማ ኮቲ፣ ሂን ጉርጉሩ አለኝ። የልጄ ነው፣ አልሸጥም ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛህን ዐረቦቹ አስረስተውህ እንደሆነ ብዬ ነው። ቀጥሎም አንዴ የልጄን በሬ ባቲ ወስጄ ሸጥኩበት፣ ልጄም ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገባም አለኝ። ስምህን ሊጠራ ፈልጎ አጣው። የበሬህን ስም ግን አልረሳውም፤ ዳለቻ፣ ዳለቻ እያለ አለቀሰ።

በዳለቻ ምን ያህል እንደተጎዳህ አውቃለሁ። ከጥጃነቱ ጀምሮ ያንተ ነበር፤ ሳይነግርህ ነው የሸጠው። በስልክ ላገናኛችሁ ባልኩ ቁጥር ሥራ መጣብኝ ስትል አልተቀየምኩህም። ከእንግዲህ ግን ላገናኛችሁ አልልህም።

ባለፈው ጁምዓ ከሚሴ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ደጃችን መጥቶ ነበር። የባቲ ደላሎች እንኳ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ደረሱ። ኢማሙ ከአባባ አስከሬን ፊት ቆመው፣ ከእሱ ከብት የገዛችሁም ለእሱ የሸጣችሁም፣ የተቀየማችሁትም ካላችሁ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት አሉ። ሰዉ ሁሉ ባንድ ድምፅ አውፍ አለ። እኔም ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ብያለሁ።

አውሬውን ለኢማን አልመለስኩላትም። አባባ መደቡ ላይ ካቆመበት አላነሳሁትም፤ ፊቱ ያለው ቅጠል ደርቋል። ያንተ ነው ብሏልና ማንም አይነካውም።

አላህ ልብህን ያጽናው፣ በሰላምም ለቤትህ ያብቃህ። ይህን ስታነብ ፋይዛ አጠገብህ እንድትሆን አደራ ብያታለሁ። ስትጨርስ አንተም አውፍ በል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ታላቅ እህትህ