ስፌት መኪናዬ ላይ የተቀመጠው ሰው

ጥር 1979 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እናቴንስ ወገቧ ተዋት? ሰው ሁሉ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብሎ ይጽፋል፤ እኔ ከቅናት በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሰሞኑን የጎብዬው ከማሉዲን እዚህ ድረስ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። በቆቦ ሲያልፍ በረንዳችን ላይ አይቶሻል። ዘይኑዲን ስፌት መኪናዬን ይረግጣል፣ አንቺ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትተክያለሽ፣ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ አለኝ። ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? እኔ ቁልፍ ትከይልኝ ስልሽ ዓይኔን ያመኛል ትይ አልነበር?

መኪናዋን ለዘይኑዲን ሰፍቶ ገቢውን እንዲያካፍለን በእኩል የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ አልካድኩም። ተጠባባቂ ተብዬ ስጠራ ምን ላድርግ? አብሮኝ የተጠራው ወልደ ሚካኤል የመንግሥት ዘበኛ ነው፤ እሱ እዚህ ምሽግ ሲቆፍር ሚስቱ ደመወዙን በየወሩ ትቀበላለች። የእኔ ደመወዝ እግሬ ነው፤ ካልረገጥኩ የለም። አሁን ማሽላው ገብቶ፣ ሠርጉ ደርሶ፣ የራያ ገበሬ ሁሉ ልብስ በሚያሰፋበት ወቅት ግማሹ የዘይኑዲን ሆነ። ያንቺን ግማሽስ ለምንድን ነው በየማታው ቤት ድረስ የሚያመጣው? ካመጣም እናቴ ባለችበት ይስጥሽ።

ደግሞ የጎረቤታችንን የአስረሳሽን የሠርግ ቀሚስ እሱ ሰፋው አሉ። ቃል የገባሁላት እኔ ነበርኩ። ከማሉዲን "እጁ ካንተ አይተናነስም" አለኝ። ይህን ሊነግረኝ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው?

እውነቱን ልንገርሽ፤ ዘይኑዲንን አባርሪው፣ መኪናዋን ቤት አስገብተሽ ቆልፊባት ልልሽ ነበር። ጽፌ ቀደድኩት። አታባርሪው። ሰውዬው ልጆቼን አብልቷል፤ ብቀናም ውለታ አልበላም። ያቺን መኪና እሱው ይርገጣት።

እኔን በሚቀጥለው ወር ይለቁኛል። ከእንግዲህ ለተጠባባቂነትም አይጠሩኝም፤ ስሜን ሰርዘውታል። ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ደሴ የሚሄድ ሰው ካገኘሽ በእጅ የምትዞር፣ እግር የማትፈልግ ስፌት መኪና ትገኝ እንደሆነ አጠይቂልኝ። ለምን ብለሽ አሁን አትጠይቂኝ፤ ለእናቴም እንዳታነሺላት። በአንድ እጅ ስትዞር ጨርቁን የሚይዝ ሰው ትፈልጋለች። አጠገቤ ተቀምጠሽ ትይዢልኛለሽ፤ ሳቁንም እኔ ጋ ታመጪዋለሽ።

አላህ አንቺንም ልጆቹንም ከክፉ ይሸሽግልኝ፤ በደህና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

የልጆችሽ አባት